ሙንዚንገር ፓሻና የምጽዋ የንግድ ሰፈር

ምጽዋ በቀይ ባሕር ዳር ከሚገኙት የንግድ ከተሞች መካከል በስፋቷ ትንሽ፥ በስሟ ግን ትልቅ ከተማ ናት። የጥንቱ የንግድ ሰፈር የተሠራባት ደሴት እጅግ ጠባብ ስለ ሆነች፥ መንገደኛ ከአንዱ ዳር ተነሥቶ ሌላውን ዳር በእግሩ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚችው ጠባብ መሬት ላይ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ የታነጹት የነጋዴ ቤቶች ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ ዛሬም ከፊሎቹ ቆመው፥ ከፊሎቹ ፈርሰው ይታያሉ። ምድር ቤታቸው መደብርና መጋዘን፥ ፎቃቸው መኖሪያ፥ መስኮታቸውም ነፋስ የሚያስገባና የውስጡን ሰው ከውጭ ዓይን የሚሰውር የእንጨት ርብራብ ነው።

ወደነዚህ መደብሮች ከየብስ የሚመጣ ሰው በድንጋይ የተሠሩ ሁለት መሻገሪያዎችን ያልፋል፤ ከሁለቱም አንዱን የአገሩ ሰው ስጋለት ቀጣን ይለዋል። ብዙ ሰው በየቀኑ ሲረግጣቸው ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ይመስሉታል እንጂ፥ ማን እንዳሠራቸው አይጠይቅም። ያሠራቸው ሰው በነጋዴነት ወደዚህ አገር መጥቶ፥ ሊቅ፥ ቆንሲልና አገረ ገዢ ሆኖ፥ በመጨረሻም በምድረ በዳ የተገደለው ቨርነር ሙንዚንገር ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ለሹምም ለነጋዴም የሚጠቅም ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናቀርበዋለን። የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቨርነር ሙንዚንገር ባሕር በሌላት በስዊስ አገር፥ ኦልተን በምትባል ከተማ፥ በ1832 ተወለደ። አባቱ ዮሴፍ ሙንዚንገር በአገሩ ስመ ጥር የመንግሥት ሰው ነበረ፤ በ1848 የስዊስ ግዛቶች በአዲስ ሕገ መንግሥት ተባብረው አንድ የፌዴሬሽን መንግሥት ባቆሙ ጊዜ ለመጀመሪያው የሚኒስትሮች ጉባኤ ከተመረጡት ሰባት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በ1851ም የአገሩ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። ልጁም የሹመትን ጠባይና የመንግሥትን አሠራር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤቱ ውስጥ እያየ አደገ። ከዚህም በኋላ በበርን፥ በሙኒክና በፓሪስ የተፈጥሮን ሳይንስ፥ ታሪክንና የምሥራቅ አገሮችን ቋንቋዎች ተማረ።

አባቱ በከፍተኛው ሥልጣን ላይ ስለ ነበረ በአገሩ ተቀምጦ ሹመት መፈለግ ይችል ነበር። እርሱ ግን በሃያ ዓመቱ፥ በ1852፥ ወደ ካይሮ ሄደና ዓረብኛውን አጠነከረ። ቀጥሎም በግብፅ ከነበረ ከአንድ የፈረንሳዊ ንግድ ቤት ገብቶ፥ በቀይ ባሕር ዳር ንግድ ለመክፈት የሚላኩትን ሰዎች እየመራ ወደ ምጽዋ መጣ። ምጽዋን መጀመሪያ ያየው እንግዲህ በሹም ዓይን ሳይሆን፥ ዕቃ በሚገዛና በሚሸጥ፥ ኪሣራና ትርፍ በሚያሰላ በነጋዴ ዓይን ነው። ይህም ነገር በኋላ ለሠራው ሥራ መሠረት ሆነው።

በዚያን ዘመን ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ እንደ ነበረችው በኦቶማን ቱርኮች ስም ትተዳደር ነበር፤ በየብሱ ላይ ግን የሕርጊጎ ናኢቦች ሥልጣን ነበራቸው። ወደ ወደቧ ከደጋው የሲራራ ነጋዴዎች የዝሆን ጥርስ፥ ቡና፥ ሰም፥ ዝባድና ቆዳ ያወርዱ ነበር፤ ከባሕሩም ሉልና ሰደፍ ይወጣ ነበር። ከውጭ ደግሞ የህንድና የእንግሊዝ የጥጥ ጨርቅ፥ ብርጭቆ፥ ዶቃና ትምባሆ ይገባ ነበር፤ ሒሳቡም የሚከፈለው በማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። የሰው ልጅም እንደ ዕቃ በዚሁ ወደብ ይሸጥና ይለወጥ እንደ ነበረ ታሪክ አይሰውረውም። ባንያን የሚባሉት የህንድ ነጋዴዎች፥ የጅዳና የየመን ሰዎች፥ ግሪኮችና የአገሩ ተወላጆች በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር።

ይህን ያህል ሀብት የሚተላለፍባት ከተማ ግን ሁለት ትላልቅ ችግሮች ነበሩባት። አንደኛው፥ ደሴቲቱ ከየብስ የተለየች ስለ ነበረች ቅፍለቱ በባሕሩ ዳር ይቆማል፤ ጭነቱ ከግመል ወርዶ በጀልባ ይጫናል፤ ከጀልባም ወርዶ በተሸካሚ ትከሻ ወደ መጋዘን ይገባል። ዕቃው በየእጁ ባለፈ ቁጥር ኪራይ ይከፈልበታል፥ ይሰበራል፥ ይርሳል፥ ይጐድላልም። ሁለተኛው፥ በደሴቲቱ ላይ የሚጠጣ የምንጭ ውሃ አልነበረም። የዝናም ውሃ በጕድጓድ ይጠራቀማል፤ እርሱ ካለቀ ከእምኩሉና ከሕርጊጎ በአቁማዳ እየተቀዳ፥ በሰውና በእንስሳ እየተጫነ፥ በጀልባ ይሻገራል። በዚያ ሙቀት ውሃ የሚገዛ ድኻ ምን ያህል ይቸገር እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ከደንጊያ ቤቶቹ ጎን ብዙው ሰው የሚኖረው በሣርና በእንጨት ጎጆ ስለ ነበረ፥ እሳት በተነሣ ጊዜ የሚያጠፋ ውሃ በቅርብ አይገኝም ነበር።

ሙንዚንገር በ1855 ወደ ከረን ወጥቶ በቦጎስ ሕዝብ መካከል ተቀመጠ። በዚያም ከአገሩ ተወላጅ ሴት አገባ፤ የአገሩን ቋንቋዎች ተናገረ፤ ከሽማግሌዎች ጋር እየተቀመጠ ሕጋቸውን አጠና። በ1859 ስለ ቦጎሶች ልማድና ሕግ አንድ መጽሐፍ በጀርመንኛ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ የጋብቻን፥ የርስትን፥ የደም ካሣን ሥርዓት፥ በጌታና በተገዢ መካከል ያለውንም ግዴታ በዝርዝር ገለጸ። ብዙ የውጭ መንገደኞች ያልተጻፈን ሕግ እንደሌለ በሚቈጥሩበት ዘመን፥ ይህ ሰው የሽማግሌዎችን ሕግ እንደ ሕግ ቈጥሮ መጻፉ ሊመሰገንበት ይገባል።

በ1861 ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን የሚባለው ጀርመናዊ መንገደኛ ከሚመራው ጓድ ጋር ተባበረ። የጓዱም ዓላማ በመካከለኛው አፍሪቃ የጠፋውን ኤድዋርድ ፎግልን ለመፈለግ ነበር። ሙንዚንገር ግን በዚያው ዓመት ከሆይግሊን ተለይቶ በጋሽና በአትባራ ወንዞች በኩል ወደ ካርቱም ሄደ፤ በ1862 እስከ ኮርዶፋን ደረሰ፤ ወደ ዳርፉርና ወደ ዋዳይ የሚያልፍበት መንገድ ግን ስለ ተዘጋበት ተመለሰ። ያየውንም ሁሉ በ1864 ስለ ምሥራቅ አፍሪቃ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ጻፈ። በ1865 ደግሞ የትግረ ቋንቋ መዝገበ ቃላቱ፥ ዲልማን ከሚባለው ሊቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጋር ተያይዞ ታተመ።

ከዚያም ወዲህ ኑሮው ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ መንግሥት ሥራ አዘነበለ። የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ታስሮ ስለ ነበረ፥ ሙንዚንገር ከ1865 ጀምሮ በምጽዋ የእንግሊዝን የቆንሲልነት ሥራ ያዘ። በ1867 የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ለመላክ በቈረጠ ጊዜ ወደ ደጋው የሚያወጣውን መንገድ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ ስለ አገልግሎቱም ከእንግሊዝ መንግሥት ኒሻን ተቀበለ። እንግሊዞች በዙላ ባሕር ዳር የመርከብ ማራገፊያ ሲሠሩ፥ የባሕርን ውሃ በእሳት ኃይል እያጣሩ ለሰውና ለከብት ሲያጠጡ፥ የምድር ባቡር ሐዲድም ሲዘረጉ በዓይኑ አየ። ባዶ የነበረ የባሕር ዳር መንገድና ውሃ ባገኘ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ትልቅ ወደብ ለመሆን እንደሚችል በዚያ ተገለጠ። በ1868 ደግሞ የፈረንሳይ ቆንሲል ሆኖ በምጽዋ ተሾመ።

በኅዳር ወር 1869 የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ። ቀይ ባሕር እንደ ተዘጋ ጓዳ ሆኖ የነበረው ቀርቶ በአውሮፓና በህንድ መካከል ዋና መንገድ ሆነ። ምጽዋን ቀደም ብለው ከቱርክ መንግሥት የተቀበሉት የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል፥ ወደቧን የሚያለማ፥ አገሩንም የሚያውቅ ሰው ፈልገው በ1871 ሙንዚንገርን የምጽዋ አገረ ገዢ አድርገው ሾሙት፤ የቤይነትንም ማዕርግ ሰጡት።

ሹመቱንም ከተቀበለ በኋላ፥ ከነጋዴነቱ ዘመን ጀምሮ ያወቃቸውን ሁለቱን ችግሮች ለማስወገድ ሥራ ጀመረ። ከየብሱ እስከ ጥዋለት ደሴት፥ ከጥዋለትም እስከ ምጽዋ ደሴት ባሕሩን በድንጋይና በአፈር እየሞላ ሁለት መሻገሪያዎችን አሠራ። ከእምኩሉ ምንጭም ውሃ በመስመር ወደ ከተማው እንዲመጣ አደረገ። ለአገረ ገዢው መቀመጫ የሚሆነውንም ቤተ መንግሥት በ1872 ገደማ በጥዋለት ላይ አሠራ። ምጽዋን ከሱዳን ከተሞች ጋር ለማገናኘት የቴሌግራፍ ሽቦ የተዘረጋውም በዚሁ በግብፆች ዘመን ነው።

የነዚህን ሥራዎች ጥቅም ነጋዴ የሆነ ሰው ያለ ብዙ ማስረጃ ይረዳዋል። ከደጋው የመጣ ግመል ከነጭነቱ ባሕሩን አቋርጦ ወደ መጋዘኑ ደጅ እንዲደርስ መንገድ ተከፈተለት። በየማራገፊያው ይከፈል የነበረው ኪራይ ሲቀነስ ዕቃው በሌላ ገበያ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር በዋጋ ለመወዳደር ቻለ። ውሃ በቀረበ ጊዜም የሚጠጣው ብቻ ሳይሆን የሚገነባውም ተጠቀመ፤ ኖራ የሚቦካው በውሃ ነውና። የድንጋይ መደብር የሚያሠራ ሰው ገንዘቡን በአንድ ስፍራ ላይ ለብዙ ዘመን የሚያስር ሰው ነው፤ ነገ ውሃ ያጣል፥ ነገ ገበያው ይሸሻል ብሎ በሚሠጋበት ስፍራ ላይ ጎጆ ይሠራል እንጂ ግንብ አያንጽም። ስለዚህ ከነዚያ ዓመታት ወዲህ በምጽዋ ደሴት ላይ ለበዙት የንግድ ሕንጻዎች እነዚህ የድንጋይ መሻገሪያዎችና ይህ የውሃ መስመር እንደ መሠረት ድንጋይ ይቈጠራሉ።

ነገር ግን ሙንዚንገር በዚህ አልተወሰነም። ወደብ ያለ ደጋ ትርፍ እንደሌለው ያውቅ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ስሕተቱ ደጋውን በውል ሳይሆን በጦር ለማግኘት ማሰቡ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በጥር ወር 1872 በአክሱም ነገሡ። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ በሌላ ጦርነት ራቅ ብለው ሳሉ፥ ሙንዚንገር የግብፅን ወታደሮች እየመራ ወጥቶ ከረንን ያዘ፤ በዚያም ምሽግ ተሠራ። እንደ ልጅ የተቀበለውን፥ ሚስት የሰጠውን፥ ሕጉን የገለጸለትን የቦጎስን አገር ለባዕድ መንግሥት አስገባው። ለዚህም ሥራው ፓሻ ተብሎ የምሥራቅ ሱዳንና የቀይ ባሕር ዳር ጠቅላይ ገዢ ሆነ።

ዐፄ ዮሐንስ ነገሩን መጀመሪያ በሕግ መንገድ ለመጨረስ ሞከሩ። ኪርክሃም የሚባለውን እንግሊዛዊ አገልጋያቸውን ደብዳቤ አስይዘው ወደ አውሮፓ ነገሥታት ላኩ፤ አገራቸው እንደ ተነካና ወደ ባሕርም የሚያደርሳቸው መንገድ እንደ ተዘጋባቸው አመለከቱ። የአውሮፓ መንግሥታት ግን ጠቃሚ መልስ አልሰጡም። በዚህ መካከል በምጽዋና በደጋው መካከል ያለው ጥርጣሬ እየበረታ ሄደ። መሻገሪያው ግመሉን እስከ መደብሩ ደጅ የሚያደርስ ቢሆንም፥ ግመሉ ከሚነሣበት አገር ጋር ጠብ ካለ ባዶውን እንደሚመለስ የታወቀ ነው።

በ1875 ኸዲቭ እስማኤል በአራት አቅጣጫ ጦር ላኩ። ራውፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ፤ ማኪሎፕ ፓሻ በመርከብ ወደ ጁባ ወንዝ አፍ ተላከ፤ አረንድሩፕ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ በሰሜን በኩል በዐፄ ዮሐንስ ላይ ዘመተ። የደጋውን አገር ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሙንዚንገር ግን የሰሜኑ ጦር አልተሰጠውም። ለእርሱ የተሰጠው ሥራ ከታጁራ ባሕር ዳር ተነሥቶ በአፋር አገር በኩል ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ መንገድ መክፈት ነበር። በጥቅምት መጨረሻ፥ 350 ያህል ወታደሮችን፥ የንጉሥ ምኒልክን መልእክተኛ፥ እንዲሁም ባለቤቱን ይዞ ጕዞ ጀመረ።

ያ አገር ውሃው ጥቂት፥ ሙቀቱ ብርቱ፥ ባለቤቶቹም ነፃነታቸውን የሚወዱ ናቸው። የአውሳው ሡልጣን መሐመድ ሐንፈሬም መሣሪያ የያዘ ባዕድ ጦር በአገሩ መካከል ሲያልፍ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 1875 ሌሊት በአውሳ ሐይቅ አጠገብ የሰፈረው ጦር ድንገት አደጋ ተጣለበት። ሙንዚንገርና ባለቤቱ በዚያች ሌሊት ተገደሉ፤ ከጓዱም ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። ዕድሜው ገና 43 ዓመት ነበረ። ከሁለት ቀን በኋላም የአረንድሩፕ ጦር በጉንደት በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። በመጋቢት 1876 በጉራ የተደረገው ጦርነት የግብፅን ተስፋ ፈጽሞ አጠፋው።

ሙንዚንገር በጦር ያልተሳካለት ነገር በኋላ በምን መንገድ እንደ ተገኘ ማስታወስ ይገባል። በሰኔ ወር 1884 በአድዋ በተፈረመው ውል የቦጎስ አገር ወደ ዐፄ ዮሐንስ እንዲመለስ፥ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውና ከኢትዮጵያ የሚወጣው የንግድ ዕቃም በምጽዋ በኩል ያለ ክልከላ እንዲያልፍ ተስማሙ። ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት ነገር በጥቂት ወረቀት ላይ ተጻፈ። ይህም ውል ሳይሠራበት ብዙ አልቆየም፤ በየካቲት 1885 የኢጣልያ ጦር ምጽዋን ያዘ፤ ሌላም የጠብ ዘመን ተከፈተ።

ሥራው ግን ከሠሪው በኋላ ቆየ። ኢጣልያኖች በ1890 ኤርትራ ብለው የሰየሙትን ቅኝ ግዛት ባቆሙ ጊዜ ምጽዋን የመጀመሪያ ዋና ከተማ አደረጓት። በ1911 አስመራ የደረሰው የምድር ባቡርም በነዚያው መሻገሪያዎች ላይ አልፎ ወደ ደሴቲቱ ይገባ ነበር። በ1921 የመጣው የምድር መናወጥ ብዙዎቹን የጥንት ቤቶች አፈረሳቸው፤ በምትካቸውም በቅስት የተሠሩ የጥላ መተላለፊያዎች ያሏቸው መደብሮችና መሥሪያ ቤቶች ተነሡ። የኢጣልያ ባንክ ያምር የነበረው ሕንጻም በዚያው በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። በጥዋለት ያለው ቤተ መንግሥት በፌዴሬሽኑ ዘመንና ከዚያም በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የባሕር ዳር መቀመጫ ሆኖ አገልግሏል። በየካቲት 1990 ስለ ከተማው በተደረገው ጦርነትና ቀጥሎ በመጣው የአውሮፕላን ድብደባ ቤተ መንግሥቱ፥ ባንኩና ብዙ የነጋዴ ቤቶች ቆሰሉ፤ የቁስላቸውም ምልክት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይድን ታየ። በዚያ ጦርነት ከሁሉ ይልቅ የከበደ ውጊያ የተደረገው በስጋለት ቀጣን ላይ ነው። ለግመልና ለውሃ ተብሎ የተሠራ መንገድ የታንክ መተላለፊያ ሆነ።

እንግዲህ ስለዚህ ሰው ምን እንበል? ሙንዚንገርን እንደ ቅዱስ የሚያመሰግን ሰው የከረንን ነገር ይዘነጋል፤ እንደ ወራሪ ብቻ የሚረግመውም መሻገሪያውን ረግጦ እየሄደ ነው። በሕይወቱ ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ሥራ ነጋዴ ሳለ የተማረው ነው፤ ይኸውም ሰው የሚቸገርበትን አይቶ፥ ኪሣራውን አስልቶ፥ ለሀብታሙም ለድኻውም የሚሆን መንገድና ውሃ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ሥራ ሹም ከሆነ በኋላ የያዘው ነው፤ ይኸውም ጎረቤትን በማስገደድ ጥቅምን ማብዛት ነው። በሁለተኛው ያገኘው የከረን ምሽግ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በውል ተመለሰ፤ እርሱንም ለሞት አበቃው። የመጀመሪያው ሥራው ግን ከቱርክ በኋላ ግብፅን፥ ከግብፅ በኋላ ኢጣልያን፥ ከዚያም በኋላ የመጡትን መንግሥታት ሁሉ አገለገለ።

የምጽዋ የንግድ ሰፈር ቤቶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። እያንዳንዱ ግንብ፥ ያሠራው ነጋዴ የሕንድ፥ የየመን፥ የግሪክ ወይም የአገሩ ተወላጅ ይሁን፥ በዚህ ወደብ ሰላም ይኖራል፥ ዕቃም ይገባል ይወጣል ብሎ አምኖ ያኖረው መያዣ ነው። ሹም ይህን እምነት ከጠበቀ ከተማው ይሠራል፤ ከሰበረውም ግንቡ ይቀራል እንጂ ገበያው ይሄዳል። ስለዚህ በከተማ ላይ የሚሾም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን፥ ውሃውንና ከጎረቤት ጋር ያለውን ውል ይመልከት። ነጋዴም የወረሰውን አሮጌ መደብር ሲያድስ፥ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን አባቶቹ በዚያ ስፍራ ላይ የጣሉትን አደራ እንደሚያድስ ያስብ።